መምህሩ ከየት መጡ? ስለ ጠቅላላ ትምህርት አስተማሪዎች ሙያና አመጣጥ

በአንደኛው ዓመት ትምህርታችን የሎጂክን ትምህርት እንዲሰጡን የታዘዙት መምህር በመጀመሪያው ቀን ወደ ክፍል ገብተው ስማቸውን ከነገሩን በኋላ፣ «እኔ የተማርሁት ሌላ ነው፤ ሰው በመጥፋቱ ይህ ትምህርት ለእኔ ተሰጠኝ» አሉን። እኛም ነገሩን እንደ ትሕትና ቈጥረን በልባችን አመሰገንናቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን እስከ መንፈቁ መጨረሻ ድረስ የታተመውን መማሪያ ከገጽ ወደ ገጽ ሲያነቡልን ከረሙ። ከመካከላችን አንዱ ተነሥቶ በምሳሌነት የቀረበው ክርክር ስሕተቱ ከምን ላይ እንደ ሆነ ቢጠይቃቸው፣ «መጽሐፉ ስሕተት ነው ይላል» ብለው አለፉ።

በዚያው መንፈቅ ጂኦግራፊን ያስተማሩን ሌላው መምህር በሙያቸው የአፈር ዐዋቂ ነበሩ። ስለ ሕዝብ ብዛት ከሚናገረው ምዕራፍ በደረስን ጊዜ፣ «ይህ የእኔ ሙያ አይደለም፤ እንግዲህ አብረን እንማረዋለን» ብለው የ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቈጠራ ሰንጠረዥ ይዘው መጡ። እያንዳንዳችን የተወለድንበትን ወረዳ ፈልገን፣ የሕዝቡን ቍጥር ለመሬቱ ስፋት አካፍለን፣ ያገኘነውን በሰሌዳው ላይ ጻፍን። መምህሩም ሰሌዳውን ጥቂት ከተመለከቱ በኋላ፣ «ሕዝብ የበዛበት ወረዳ አፈሩ ምን ዐይነት ነው?» ሲሉ ጠየቁ። ሙያቸው ወደ ትምህርቱ የገባው በዚያን ጊዜ ነው። ክፍሉም ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ሳይበተን ቈየ።

ሁለቱም መምህራን ከሙያቸው ውጭ ያስተምሩ ነበር። ሁለቱም ይህንኑ በቅንነት ነግረውናል። ታዲያ ትምህርቱ በአንደኛው እጅ የደረቀው፣ በሁለተኛው እጅ የለመለመው በምን ምክንያት ነው? የጠባይ ነገር ነው ብሎ መልስ መስጠት ቀላል ነው፤ ጠባይም ድርሻ እንዳለው አንክድም። ነገር ግን ልዩ ልዩ የትምህርት ዘርፎችን አጣምረው የሚያስተምሩ ኮሌጆች መምህራኖቻቸውን ከየት እንዳመጡና እንዴት እንደ ያዙ ስንመረምር፣ ነገሩ የመምህሩ ብቻ ሳይሆን መምህሩ የቆመበትም ሥርዓት መሆኑን አገኘን። ለማሳየት የምንሞክረው ይህን ነው። በጽሑፋችን የተጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተጨመረባቸው፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ጥያቄው ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ቀድሞ በዩኒቨርሲቲ ይሰጥ የነበረው የአንደኛ ዓመት ጠቅላላ ትምህርት ወደ መሰናዶ ትምህርት ቤቶች ተዛውሮ ከቈየ በኋላ፣ በ2012 ዓ.ም. እንደገና ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተመልሷል። አሁን ማንኛውም አዲስ ገቢ ተማሪ፣ ወደ ሕክምናም ይሂድ ወደ ሕግ፣ ሎጂክን፣ ሥነ ልቡናን፣ አንትሮፖሎጂን፣ የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን ጂኦግራፊ፣ እነዚህንም የመሰሉ ሌሎች ትምህርቶች ይማራል። መማሪያዎቹ ለአገሪቱ ሁሉ በአንድነት ተዘጋጅተዋል። ምን ይማሩ ለሚለው ጥያቄ ብዙ ተደክሞበታል ማለት ነው። ማን ያስተምር የሚለው ግን ለየትምህርት ክፍሉ ኀላፊ የምደባ ወረቀት የተተወ ይመስላል።

አሜሪካን አገር ይህ ጥያቄ መቶ ዓመት ያለፈው ነው። በኒውዮርክ ከተማ የሚገኘው የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በ1919 «የዘመኑ ሥልጣኔ» የተባለ ትምህርት አቋቁሞ አዲስ ገቢ ተማሪዎች ሁሉ እንዲማሩት አደረገ። የዚህ ትምህርት ሥሩ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለወታደር ተማሪዎች ስለ ጦርነቱ ምክንያት ይሰጥ የነበረው ትምህርት ነው። ጦርነቱ ቢያልቅም ጥያቄው አላለቀምና፣ የሰላሙን ነገር ደግሞ እናስተምር አሉ። የራሱ መምህራን ስላልነበሩት ከታሪክ፣ ከፍልስፍና፣ ከኢኮኖሚክስና ከመንግሥት አስተዳደር ክፍሎች በውሰት ተሰበሰቡለት። በሚከተለው ዓመት በ1920 የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ሊቅ የሆኑት ጆን ኧርስኪን ለተመረጡ ተማሪዎች በየሳምንቱ አንድ ታላቅ መጽሐፍ የሚነበብበትን ጉባኤ ጀመሩ። የሥራ ባልደረቦቻቸው አጥብቀው ተቃወሟቸው። ሊቅ ዕድሜውን የሚጨርስበትን መጽሐፍ ልጅ በሳምንት ያነበዋል ማለት ማሾፍ ነው የሚሉ ነበሩ። በኧርስኪን ሥርዓት በአንድ ክፍል ሁለት መምህራን አብረው ይቀመጡ ነበር። ሁለቱ ከአንድ ሙያ ካልመጡና ካልተስማሙ ተማሪው የሊቃውንትን ክርክር በዐይኑ ያያል።

በኮሎምቢያ የውሰቱ ሥርዓት ዛሬም አለ። በ1937 ለሁሉ ግዴታ የሆነውን የሥነ ጽሑፍ ትምህርት ከልዩ ልዩ ክፍሎች የመጡ መምህራን፣ ከእነርሱም ጋር ለዶክተርነት የሚማሩ ወጣቶች ያስተምሩታል። ሆሜርን የሚያስተምረው ሰው የተማረው የፈረንሳይ ልብ ወለድ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን አንድ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ፤ አስተማሪዎቹ በየሳምንቱ ይሰበሰባሉ። በስብሰባው ላይ በቀጣዩ ሳምንት ስለሚነበበው መጽሐፍ የሚያውቅ ሰው ይናገራል፤ የማያውቁትም ያለ ኀፍረት ይጠይቃሉ። እኛ ጋ የውሰቱ ሥርዓት ሙሉ በሙሉ አለ፤ ስብሰባው ግን የለም።

መዋስ ሌላም ችግር አለበት። የተዋሰው መምህር ቤቱ በሌላ ቦታ ነው። ዕድገቱን የሚወስኑለት፣ የጻፈውን የሚመዝኑለት የራሱ ክፍል ሰዎች ናቸው። በጠቅላላው ትምህርት ክፍል ውስጥ ግን እንግዳ ነው፤ እንግዳ ደግሞ የሰው ቤት ምሰሶ አይጠግንም። ይህን የምንለው መምህራንን ለመንቀፍ አይደለም። እኛም በእነርሱ ቦታ ብንሆን፣ ለደረጃ ዕድገት የሚቈጠረውን ጽሑፍ ትተን የማይቈጠረውን የሎጂክ ክፍል በማሰናዳት ሌሊቱን የምናነጋ አይመስለንም።

ቤት ማጣት ምን ያህል የሚከብድ እንደ ሆነ የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ። ከኧርስኪን ተማሪዎች አንዱ የነበሩት ሞርቲመር አድለር የዶክተርነት ማዕረጋቸውን ያገኙት በሥነ ልቡና ሲሆን፣ ጥናታቸውም ሰው ሙዚቃን ማድነቁ እንዴት ሊለካ እንደሚችል ነበር። በ1929 ገና በሠላሳ ዓመታቸው የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት የሆኑት ሮበርት ሃቺንስ፣ አድለርን በ1930 ወደ ፍልስፍና ክፍል ሊያስገቧቸው ፈለጉ። ፈላስፎቹ አሻፈረኝ አሉ። በመጨረሻ አድለር የተቀመጡት በሕግ ትምህርት ቤት ነው! ሙዚቃን የሚለካ የሥነ ልቡና ዶክተር፣ ፍልስፍናን ለማስተማር ፈልጎ፣ በሕግ ትምህርት ቤት ተጠጋ። በዚያው ዩኒቨርሲቲ በ1941 የተቋቋመው የማኅበራዊ አስተሳሰብ ኮሚቴም እንዲህ ላሉት ቤት የሆነ ክፍል ነው። መሥራቾቹ የኢኮኖሚ ታሪክ ዐዋቂው ጆን ኔፍ፣ የኢኮኖሚክስ ሊቁ ፍራንክ ናይት፣ አንትሮፖሎጂስቱ ሮበርት ሬድፊልድና ራሳቸው ሃቺንስ ናቸው። ፍሪድሪክ ሃየክ በ1950 ቺካጎ ሲገቡ የተቀበላቸው የኢኮኖሚክስ ክፍል ሳይሆን ይህ ኮሚቴ ነው። ደራሲው ሶል ቤሎ በ1962፣ ሐና አረንት በ1963 ገብተውበታል። ይሁን እንጂ ይህ ኮሚቴ ለከፍተኛ ማዕረግ ለሚማሩ የተዘጋጀ ነው፤ ስመ ጥር ሊቃውንት ጐን ለጐን የተቀመጡበት አዳራሽ እንጂ ለእንደ እኛ ያለ ጀማሪ የታሰበ አይደለምና ብዙ አንቈይበትም።

በኢንዲያና የሚገኘው የኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲ ከውሰቱ የተሻለ መንገድ አገኘ። በ1950 የነጻ ትምህርት መርሐ ግብር ሲያቋቁም፣ የመጀመሪያ መሪ የሆኑት ኦቶ በርድ በመካከለኛው ዘመን ፍልስፍና የሠለጠኑና ከአድለር ጋር የታላላቅ መጻሕፍትን ማውጫ በማዘጋጀት የሠሩ ሰው ነበሩ። መርሐ ግብሩ ከጊዜ በኋላ የራሱ መምህራን ያሉት ክፍል ሆነ። በአንድ ጣራ ሥር ፈላስፋ፣ የነገረ መለኮት ሊቅ፣ የሥነ ጽሑፍ ዐዋቂና የሳይንስ ታሪክ ተመራማሪ ይገኛሉ። በመጻሕፍቱ ጉባኤ ሁሉም እኩል ያስተምራሉ፤ በጐኑ ባሉት ልዩ ትምህርቶች ግን እያንዳንዱ ወደ ሠለጠነበት ይመለሳል። ስለዚህ መምህሩ በሳምንቱ ውስጥ አንድ ጊዜ ዐዋቂ፣ አንድ ጊዜ ጠያቂ ይሆናል ማለት ነው። ይህ አካሄድ ብልህነት ያለበት ይመስለናል።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀን ግን በሜሪላንድ ክፍለ ግዛት፣ በአናፖሊስ ከተማ የሚገኘው የሴይንት ጆንስ ኮሌጅ ነው። ትምህርት ቤቱ ሥሩ እስከ 1696 ይደርሳል። በ1930ዎቹ ዓመታት ግን ገንዘቡ አልቆ፣ ዕውቅናውም ተነሥቶበት፣ ሊዘጋ ተቃርቦ ነበር። በ1937 ስትሪንግፌሎ ባር ፕሬዚዳንት፣ ስኮት ቡካናን ዲን ሆነው መጡ። ባር የታሪክ ሰው ናቸው። ቡካናን ደግሞ የፍልስፍና ዶክተር ሲሆኑ፣ ቀደም ብሎ በኒውዮርክ ለአዋቂዎች የሚሰጠውን የሕዝብ ትምህርት በመምራት ሠርተዋል፤ በዚያም የሰጡትን ንግግር በ1929 ስለ ግጥምና ስለ ሒሳብ ዝምድና በሚናገር መጽሐፍ አሳትመዋል። ሁለቱ ሰዎች የሚጠፋ ነገር ስላልነበራቸው ይመስለናል፣ ሌላው የማይደፍረውን ደፈሩ፤ የትምህርት ክፍሎችን በሙሉ አስቀሩ። ፕሮፌሰር፣ ረዳት ፕሮፌሰር የሚባለውንም ማዕረግ አነሡ። አስተማሪ ሁሉ «ቱተር» ብቻ ተባለ።

ተማሪው ለአራት ዓመት ከሌላው ተማሪ ጋር አንድ ዐይነት ትምህርት ይማራል። ግሪክኛና ፈረንሳይኛ፣ ከኤውክሊድ ተነሥቶ በበጥሊሞስና በኒውተን አልፎ እስከ አይንሽታይን የ1905 ጽሑፍ የሚደርስ ሒሳብና ፊዚክስ፣ የቤተ ሙከራ ሥራ፣ ሙዚቃ፣ በየሳምንቱም ሁለት ማታ የመጻሕፍት ጉባኤ። ይህ ለተማሪው ነው። የእኛ ዐይን ያረፈው ግን በመምህሩ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ቱተሩ ከዓመት ወደ ዓመት እየተዛወረ ይህንኑ ሁሉ እንዲያስተምር ይጠበቅበታል። የታሪክ ዶክተር የግሪክ ግሥ ያረባል፤ የሥነ ጽሑፍ ዐዋቂ የእንቍራሪት ልብ ይከፍታል፤ የፊዚክስ ሊቅ ስለ ኢዮብ መጽሐፍ ይጠይቃል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መምህራኑ ትምህርቱን ያጠኑት ከተማሪዎቻቸው ጥቂት ገጽ ብቻ እየቀደሙ ነበር። የእኛ የሎጂክ መምህር ሁኔታ ይህ ነበር ማለት ነው። ልዩነቱ በዚያ ኮሌጅ ነገሩ የሁሉም ሰው ሁኔታ ሆኖ መታወቁ ነው። ማንም ስለ ጠፋ የተመደበ የለም።

ከእነዚህ መምህራን የሁለቱን አመጣጥ ጠለቅ አድርገን እንይ። ያዕቆብ ክላይን በ1899 በሊባው፣ በዛሬዋ ላትቪያ፣ የተወለዱ አይሁዳዊ ናቸው። በ1922 በጀርመን አገር በማርቡርግ ስለ ሄግል ጽፈው ዶክተር ሆኑ። በ1930ዎቹ ስለ ግሪኮች የቍጥር አስተሳሰብና ስለ አልጀብራ አመጣጥ በጀርመንኛ ጻፉ። ናዚዎች አገሩን ሲይዙ ተሰድደው በ1938 ሴይንት ጆንስ ገቡ፤ ከ1949 እስከ 1958 ዲን ሆኑ። የክላይን ሙያ ፍልስፍና ነው ወይስ ሒሳብ ወይስ ግሪክኛ? በአንድ ክፍል ውስጥ እንዲቀመጡ ቢገደዱ ኖሮ ከሦስቱ ሁለቱን በር ላይ ትተው መግባት ነበረባቸው።

ሁለተኛዋ ኤቫ ብራን ናቸው። በ1929 በበርሊን ተወልደው በ1941 ከቤተ ሰባቸው ጋር ወደ አሜሪካ ተሰደዱ። በዬል ዩኒቨርሲቲ በአርኪዮሎጂ ዶክተር የሆኑት በ1956 ነው። የሠሩበት ነገር በአቴና የጥንት ገበያ ከመሬት የወጣው የሸክላ ዕቃ ነበር፤ ስለ እርሱ ያዘጋጁት መጽሐፍ በ1962 ታትሟል። በ1957 ወደ ሴይንት ጆንስ መጡና ከዚያ አልወጡም። ከስልሳ ዓመት በላይ አስተማሩ፤ ከ1990 እስከ 1997 ዲን ሆኑ፤ በ2024 በዘጠና አምስት ዓመታቸው ዐረፉ። የክላይንን መጽሐፍ ከጀርመንኛ ወደ እንግሊዝኛ የመለሱትም እርሳቸው ናቸው። አንባቢያችን እንግዲህ ያስበው፤ የገል ስብርባሪ ስትለቅም የነበረች ወጣት ሊቅ፣ በማግሥቱ ኤውክሊድን እንድታስተምር ስትጠየቅ።

ሙያቸውን ጣሉት ማለት ነውን? እኛ እንደዚያ አይመስለንም። ገል የሚያጠና ሰው አንድን ቍራጭ አንሥቶ ከየትኛው ዕቃ እንደ ተሰበረ፣ ቀለሙ የማን እጅ እንደ ሆነ፣ ከላይና ከታች ምን እንደ ነበረበት ለማወቅ ብዙ ሰዓት ዝም ብሎ መመልከት ይለምዳል። አንድን የኤውክሊድ ምዕራፍ ወይም አንድን የፕላቶን ገጽ እንዲሁ ማየት ይቻላል። ይህ የእኛ ግምት ነው። ግን የአፈሩ መምህራችን በሰሌዳው ፊት ቆመው የጠየቁት ጥያቄ እንዲህ እንድናስብ አድርጎናል። የተሻገረው መምህር ይዞት የሚመጣው መረጃውን አይደለም፤ የማየት ልማዱን ነው።

ይህ በድፍረት ብቻ አይሆንም። ኮሌጁ ለቱተሮቹ ያደረገላቸውን መቍጠር ይገባል። መጽሐፍ አሳትሙ ብሎ አያስገድዳቸውም። በመጻሕፍቱ ጉባኤ ለሃያ ያህል ተማሪ ሁለት ቱተር ይመደባል፤ ከሁለቱ አንዱ በአንድ ጥያቄ ይከፍታል እንጂ ንግግር አያደርግም። ዐዋቂ ሆኖ ለመናገር የተለየ ጊዜ አለ፤ ዓርብ ማታ መላው ኮሌጅ ተሰብስቦ ንግግር ይሰማል፤ ከንግግሩም በኋላ ተናጋሪው ለጥያቄ ይቀርባል። ቱተሮቹ እርስ በርሳቸው የሚያጠኑበት ማኅበር አላቸው። ከፈተና ይልቅ የሚፈራው ደግሞ «ዶን ራግ» የሚሉት ሥርዓት ነው፤ የተማሪው ቱተሮች ሁሉ በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው፣ ተማሪው እዚያው እያለ፣ በሩቅ እንዳለ ሰው ስለ እርሱ ይነጋገራሉ። እኛ ይህን ስናነብ ደንግጠናል! ነገር ግን የሒሳቡ መምህርና የግሪክኛው መምህር ስለ አንድ ተማሪ በአንድ ጠረጴዛ መነጋገራቸው መልካም ነገር ነው። እኛን የሚያስተምሩን መምህራን ስለ እኛ ተነጋግረው የሚያውቁ አይመስለንም።

ትችቱንም መሸፈን አይገባም። በ1944 ጆን ዱዊና ሲድኒ ሁክ ይህን ዐይነቱን ትምህርት በብርቱ ነቅፈዋል። ያለፈውን ዘመን መጻሕፍት የዛሬው ችግር መመሪያ ማድረግ ሳይንስ የሰጠንን የመመርመሪያ መንገድ ወደ ኋላ መተው ነው አሉ። ሳይንስን በጥንት ሳይንቲስቶች መጽሐፍ ማስተማርም ሁክ ከነቀፏቸው ነገሮች አንዱ ነው። ይህ ክርክር ለእኛ ለድኻ አገር ተማሪዎች ቀላል አይደለም። መሐንዲስ ልትሆን የመጣች ልጅ በጥሊሞስ ፀሐይን በመሬት ዙሪያ ሲያዞር አንድ መንፈቅ ብትከታተለው ምን ትጠቀማለች? ደግሞም መጻሕፍቱ ለብዙ ዘመን የምዕራብ ብቻ ነበሩ። በ1964 በሳንታ ፌ የተከፈተው ሁለተኛው ቅጥር ግቢ፣ በ1990ዎቹ የምሥራቅ መጻሕፍትን ከሳንስክሪት ወይም ከቻይንኛ ጋር የሚያስተምር ከፍተኛ ትምህርት ጨምሯል። የአፍሪካ መጻሕፍት በዚህ ውስጥ ቦታቸው የት እንደ ሆነ እኛ መጠየቅ አለብን፤ ሌላው አይጠይቅልንም።

በአገራችንም ቢሆን ከአንድ ሙያ በላይ የያዘ መምህር አዲስ ነገር አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ብሉዩን፣ ሐዲሱን፣ ሊቃውንቱንና መነኮሳቱን አራቱንም የተማረ ሰው አራት ዓይና ይባላል፤ ስሙ ራሱ አንድ ጉባኤ ብቻ የሚያውቀውን ሰው አንድ ዓይና የሚል ይመስላል። ይሁን እንጂ አራት ዓይና ጥቂት ነው። ሌላው ተማሪ ዜማውን ከአንዱ፣ ቅኔውን ከሌላው መምህር ለመማር ከአገር አገር በእግሩ ይሄድ ነበር። የየመምህሩን ትምህርት በአንድ ላይ የሚያገናኘው ተማሪው ነው፤ ያውም አኮፋዳውን ተሸክሞ። እኛም ከአንዱ ሕንጻ ወደ ሌላው ስንሮጥ ያንኑ እናደርጋለን፤ አኮፋዳው ብቻ ቀርቷል።

በ1943 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተጀመረው በካናዳውያን የኢየሱሳውያን ማኅበር መምህራን ነው። መሪያቸው ቀድሞ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ኀላፊ የነበሩት ዶክተር ሉሲየን ማት ነበሩ። የዚህ ማኅበር አባል በማኅበሩ ሥርዓት መሠረት፣ ፊዚክስም ያስተምር ታሪክ፣ አስቀድሞ ፍልስፍናንና ነገረ መለኮትን ረጅም ዓመት ይማራል። ስለዚህ መምህራኑ በልዩ ልዩ ሙያ ቢበተኑም ከሥር አንድ የጋራ ንባብ ነበራቸው ማለት ነው። ያ የጋራ ንባብ የእነርሱ እንጂ የእኛ አልነበረም፤ ይህንንም ማስታወስ ይገባል። እኛ የተማርንበት የሚስዮን ትምህርት ቤት ትንሽ ነበርና፣ አንድ መምህር ሒሳብንም፣ እንግሊዝኛንም፣ አትክልት መኰትኰትንም ያስተምሩን ነበር። ስለ ክፍልፋይ ሲያስተምሩን በጐመኑ መደብ ላይ ነበር። ያን ጊዜ ይህ ጥምር ትምህርት መሆኑን አናውቅም፤ የመምህር እጥረት መሆኑን ብቻ እናውቅ ነበር።

ታዲያ ሴይንት ጆንስን ወደ ኮሌጃችን እናምጣ የምንል አይደለንም። ከስልሳ በላይ ተማሪ በአንድ ክፍል ተቀምጦ ጉባኤ አይሆንም። ከኮሎምቢያ ግን አንዲት ነገር መውሰድ ይቻላል፤ እርሷም ብዙ ወጪ የማትጠይቅ ናት። የጠቅላላውን ትምህርት የሚያስተምሩ መምህራን በሳምንት አንድ ሰዓት ይሰብሰቡ። የሎጂክ ዐዋቂ አንድ ብቻ ከሆነ፣ እርሱ ለስልሳ ተማሪ ከሚናገር ለዐሥር መምህራን ይናገር። ሰዓቱም እንደ ማስተማሪያ ሰዓት ይቈጠርላቸው። ይህ ካልተቈጠረ ግን ሌላው ሁሉ ምክር ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ነገሩን ለመሞከር እኛ በበኩላችን አንድ መጽሐፍ ፈለግን፤ በአንድ ክፍል ውስጥ ሊዘጋ የማይችል መጽሐፍ። ያገኘነው ፍትሐ ነገሥትን ነው። በዐሥራ ሦስተኛው መቶ ዓመት በግብፅ አገር በዐረብኛ የተሰበሰበ፣ በኋላም ወደ ግእዝ የተመለሰ፣ በአንድ በኩል የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት በሌላው በኩል ከሮማውያንና ከቢዛንታይን ሕግ የመጣ የዓለማዊ ፍርድ መጽሐፍ ነው። በ1957 ለወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም እንደ ጥንታዊ ምንጭ ተቈጥሯል። ይህን መጽሐፍ ማን ያስተምር? የሕግ መምህሩ ግእዝ አያውቁም፤ የግእዝ ዐዋቂው የሮማን ሕግ አልተማሩም፤ የታሪኩ መምህር ሁለቱንም በዳር በዳር ያውቃሉ። በ1968 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ የታተመውን የእንግሊዝኛ ትርጕም የሠሩት አባ ጳውሎስ ጻድዋ ናቸው። እርሳቸው ካህን ናቸው፤ በሚላኖ የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምረዋል፤ ግእዝንም ያውቃሉ። በኋላ የአዲስ አበባ ሊቀ ጳጳስ፣ በ1985ም ካርዲናል ሆነዋል። ትርጕሙ የተገኘው እነዚህ ሦስት ነገሮች በአንድ ሰው ላይ በመገናኘታቸው ነው። እንዲህ ያለ ሰው በየዓመቱ አይወለድም፤ ሦስት ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ማስቀመጥ ግን በየሳምንቱ ይቻላል።

ስለዚህ ከሕግ፣ ከታሪክና ከቋንቋ ክፍሎች ሦስት መምህራን ከእኛ ጋር ስለ ዳኞች የሚናገረውን አንቀጽ እንዲያነቡ ለመንን። ሁለቱ ወዲያው እሺ አሉን። ሦስተኛው ግን፣ «ተማሪ ፊት የማላውቀውን ላነብ? በኋላ ክፍል ስገባ እንዴት አድርገው ያዩኛል?» አሉን። ለምን እንደ ፈሩ ገባን፤ እንደዚህ ያለውን ፍርሃት የምናመጣው እኛ ተማሪዎች ነንና። የሎጂክ መምህራችን ሌላ ነው የተማርሁት ባሉ ጊዜ ከኋላ ወንበር የሳቅን ነበርን፤ ከዚያ በኋላ ከመጽሐፉ ቀና ብለው አላዩንም።

ሦስተኛው መምህር ከሁለት ሳምንት በኋላ መልሰው ጠሩን። እንዲገቡ ሁለት ነገር ጠየቁ፤ ከተማሪ መካከል እንዲቀመጡና በመጀመሪያዎቹ ሦስት ጊዜያት ማንም ጥያቄ እንዳያቀርብላቸው። ተስማምተናል። ንባቡ በየሳምንቱ ረቡዕ ከዐሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ በቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት ይደረጋል። የመጽሐፉ ቅጂ ሦስት ብቻ ስለ ሆነ፣ የሚመጣ ሰው ቀደም ብሎ ስሙን ቢያስመዘግብ እንወዳለን።